ሃያ ሦስት

ማክሰኞ ነው ዛሬ፣ ጨዋታው በሰባት፣
«ቀሚስሽ ነገ ነው» አልኩና ለአንዲት እመቤት፣
ዣንጥላዬን ይዤ ሱቄን ቆልፌ ወጣሁ፤
ከዱካሞ ዲኤስቲቪ ቤት ደጃፍ ስደርስ ሁካታ ሰማሁ።

ውስጡ ግጥም ብሏል። የቅዳሜው የእንግሊዝ ግጥሚያ ዳግመኛ ይታያል፤
ውጤቱን የሚያውቅ ሰው ጎሉ ሲገባ ግን እንደ አዲስ ይዘላል።
«ወዴት ነው?» አለኝ ዱካሞ፣ ትኬት እየቆረጠ፤
«ስታዲየም» ስለው
ዐይኑ ፈጠጠ።
«ማክሰኞ? በዝናብ? ለእነዚያ? እህቴ፣ ጤና ነሽ?
ሃያ ብር ክፈዪና የዓለም ኳስ እዚሁ ይታይልሽ።»

መልስ አልነበረኝም። ባጃጅ አስቆምኩና በሐይቁ በኩል ዞርኩ፤
አባ ኮዳዎቹን፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆመው፣ አየኋቸው፣ አለፍኩ።

በሩ ላይ ዳንጊሶ፣ ፈታሹ፣ ቦርሳዬን በርብሮ
መቀሴን አወጣ፣ እንደ አምና፣ እንደ ዘንድሮ፤
«ዛሬም ረሳሽው?»
«ዛሬም ረሳሁት።»
ኪሱ ከተተው። ስወጣ ይሰጠኛል።

ሊጉ እንደ ደመና ከከተማ ከተማ ይዞራል፤
አንድ ሰሞን ድሬ፣ አንድ ሰሞን አዳማ ይከርማል፤
ሐዋሳ ሲደርስ ነው ልጆቻችንን በዐይናችን የምናይ፣
ሌላውን ጊዜ በሬዲዮ ነው፣ በጋዜጠኛው ትንፋሽ ላይ።
ቆጠርኩ፤ መቶ ዘጠና ሰው፤
ግማሹ ከጣሪያው ሥር ዝናብ ሊያሳልፍ የገባ ነው።

ማልያቸው ላይ ያለውን ቁጥር የሰፋሁት እኔ ነኝ፤
ማተሚያው የተበላሸ ዕለት ክለቡ በሌሊት ጠርቶኝ፣
ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት ነጭ ጨርቅ ቆርጬ
እስኪነጋ ሰፋሁ፣ ዐይኔን አፍጥጬ።
የአንዱን ስም ሳላውቅ፣ የሌላውን መልክ ሳላይ፣
ሁሉንም ለየኋቸው በጀርባቸው ላይ።
ሃያ ሦስት መጨረሻ ነበር፤ ክሩም አልቆ፣ እጄም ዝሎ፣
ሦስቱን ሳሳ አርጌ ለቀቅኩት፣ ልቤ «ማን ያየዋል?» ብሎ።

ላሊሞ ነው የለበሰው፤ የይርጋዓለም ልጅ፣ ግራኝ፤
ዓመቱን ሙሉ ሲያሟሙቅ እንጂ ሲገባ አላየሁትም፤ እሱን ሳይሆን እኔን ቆጨኝ።

ሰማንያኛው ደቂቃ። ዜሮ ለዜሮ። ጭቃው ኳሱን ይዟል።
ላሊሞ በአጥሩ ጥግ ይሮጣል፣ ይመለሳል፣ ይዘላል፤
ጀርባውን ሲያዞር አየሁት፦ ሦስቱ ተላቆ
ግማሹ ተንጠልጥሏል፣ እንደ ውሻ ጆሮ ወድቆ።

«ና!» አልኩት። «ና፣ አንተ ልጅ! ጀርባህን ወደዚህ!»
ግራ ገባው፤ መጣ፤ «ማን ነሽ?» «ዝም በል፣ ቁጥርህ ነው ያስጠራህ።»
መርፌ ከኮሌታዬ አይጠፋም፤ በሽቦው ቀዳዳ እጄን አስገብቼ
ስድስት ጊዜ ወጋሁ፣ ዣንጥላዬ ወድቆ፣ በእግሬ ጫፍ ተንጠራርቼ።
መቀስ ስፈልግ ትዝ አለኝ፤ ዳንጊሶ ኪስ ነው፤
ክሩን በጥርሴ በጠስኩት፤ ላብና ዝናብ፣ ጣዕሙ ጨው።

ልክ ያኔ አሰልጣኙ በእጁ ጠራው።
ሰሌዳው ተነሣ፤ ሃያ ሦስት፣ በአረንጓዴ፤
ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ ባባብኝ ሆዴ።

ሦስት ጊዜ ኳስ ነካ። አንዱን ለባላጋራ ሰጠ፤
አንዱን ወደ ውጭ፤
ሦስተኛውን በግራው አሻገረ፤ አጥቂያችን በግንባሩ ሊደርስ ሲል ለጥቂት አመለጠ።
ይኸው ነው። ፊሽካ። መቶ ዘጠና ሰው (አይ፣ ቀንሷል) አጨበጨበ፤
ከታቦር ጀርባ ሌላ ደመና ተሰበሰበ።

ዳንጊሶ መቀሴን መለሰልኝ። ጭቃዬን ይዤ ሰፈር ገባሁ።
ዱካሞ በሩ ላይ ነው።
«ስንት ለስንት?»
«ዜሮ ለዜሮ።»
«ጎል የለ፣ ምን የለ፤ ምኑን አየሽው ታዲያ ዘንድሮ?»

አንዲት ክር ጥርሴ መሃል ቀርታለች፤ በምላሴ እየነካሁት
«ስፌቱ አልተፈታም» አልኩት።